መልስ ስትጠብቅ የተቀዳው ዝምታ

አባዬ፣ እንደ አንተ ጮክ ብዬ ልጀምር፦ አሰላሙ ዓለይኩም! ይሰማል?

ከተለየኸን ሁለተኛው ረመዳን አለፈ። ቤቱ ደህና ነው። የውጭውን በር አረንጓዴ አስቀባነው፤ ብትኖር «ማን መረጠላችሁ?» እያልክ ሳምንት ታወራበት ነበር። የጅግጅጋ ንፋስ ያው ነው፤ ያጠብነውን መጋረጃ ሳይደርቅ አቧራ ያለብሰዋል። ወንበርህ ላይ ድመቷ ትተኛለች፣ ሆዮም አታስነሳትም። ሰው ሲቀመጥበት ግን የሆዮ ፊት ይቀየራል።

የምጽፍልህም ስለ ሆዮ ነው። አማርኛውን ካንተ ስወስድ የሶማሊኛውን «ሆዮ» ከሷ ወስጄ፣ እናቴን እስከ ዛሬ እማዬ ብያት አላውቅም። ጅቡቲ ድንበር ላይ፣ ደወሌ፣ የጭነት ዕቃ ከጉምሩክ የምታስለቅቅ ትራንዚተር ሆነህ በሠራህባቸው ዓመታት የላክህልን የድምፅ መልእክቶች ሁሉ እሷ ስልክ ላይ አሉ። ካለፍክ ጀምሮ የቀትሩን ዙህር ሰግዳ ስታበቃ በሯን ዘግታ ታዳምጣቸው ነበር። ባለፈው ክረምት ግን ተወች። ለምን ብላት፣ «ድምፁ እየሳሳ ነው፤ አብዝቼ ሰምቼ ሳልጨርሰው ይቅር» አለችኝ። ለካ ደጋግመው ሲሰሙት እንደሚያልቅ ካሴት መስሏታል። የደከመው የሷ ጆሮ መሆኑን ልነግራት አንጀቴ አልቻለም። አንተን ለማቆየት ብላ አንተን መስማት ማቆሟ ደግሞ አላስተኛ አለኝ።

ሥራዬ እኮ ይሄው ነው። ስቱዲዮ የምውለው አንዱ እንግዳ ሲጮህ ሌላው ሲያንሾካሹክ የሁለቱን ድምፅ ለማመጣጠን ነው፤ አድማጩ ሬዲዮውን ከፍ ዝቅ ሲያደርግ እንዳይውል። አንተ «አላህ የሰጠውን ድምፅ ደግሞ ምኑን ታስተካክሉታላችሁ?» እያልክ ትስቅብኝ ነበር።

ያንተን ያህል ያስቸገረኝ ድምፅ ግን የለም። ስትጀምር ትጮሃለህ፤ ከደወሌ ጅግጅጋ ያለውን መንገድ በጉሮሮህ ልትጨርሰው ያሰብክ ይመስል። ከዚያ «ደህና ናችሁ?» ትልና ዝም። የምትቀዳው መልእክት መሆኑ ጠፍቶህ አይደለም፤ ሰላምታ ጠይቆ መልስ ሳይጠብቁ ማለፍ ነውር ስለሆነብህ ነው። «ልጆቹስ?» ዝም። «ጤናስ?» ዝም። ለሆዮ የምትለው ጋ ስትደርስ ደግሞ፣ በተሰባበረ ሶማሊኛህ ሾፌሮቹ እንዳይስቁብህ፣ ድምፅህ ወርዶ ወርዶ ትንፋሽ ብቻ ይሆናል። ሆዮ ያጣችው እሱን ነው።

መልእክቶችህን ከስልኳ ወደ ኮምፒውተሬ ገልብጬ የጮህከውን አወረድኩት፣ ዝቅ ያልከውን አነሳሁት። ዝቅ ያለው ሲነሳ ግን ከኋላው ያለው ሁሉ አብሮ ተነሳ። ዝም ባልክባቸው ቦታዎች የከባድ መኪናው ሞተር፣ የባቡሩ ጥሩምባ ጆሮ የሚበጥስ ሆነ። እኔም ሥራ ቦታ እንደለመድኩት ዝምታዎቹን አንድ በአንድ ቆርጬ ጣልኳቸው። ጥርት ያለ፣ ከዳር እስከ ዳር እኩል የሆነ ድምፅ ወጣልኝ። ኮራሁ፣ ምን ልበልህ።

ትንሿን ስፒከር ፊቷ አስቀምጬ ከፈትኩላት። «ደህና ናችሁ?» አልክ። ሆዮ «አልሐምዱሊላህ፣ አንተስ እንዴት...» ብላ ሳትጨርስ «ልጆቹስ?» አልክ። «ደህና...» ከማለቷ «ጤናስ?» አልክ። እጇን ከጉልበቷ አንስታ አየችኝና፣ «ይሄ ሰውዬ ከመቼ ወዲህ ነው የሚያቋርጠኝ?» አለች።

ሳቄ መጣ፤ ሳልስቅ እንባዬ ቀደመኝ። ለካ በሯን ዘግታ ስታዳምጥህ አልነበረም፣ ስታወራህ ነበር። እኔ ደግሞ ላሰማት ብዬ የሷን ተራ ቆርጬ ጥያለሁ።

በማግስቱ ከዋናው ቅጂ እንደ አዲስ ጀመርኩ። ዝምታዎቹን ከነባቡራቸው መለስኳቸው። ዝቅ ያልከውንም ከጩኸትህ ጋር አላስተካከልኩትም፤ ለጆሮዋ እስኪደርስ ብቻ፣ ቃል በቃል በእጄ አነሳሁት። የጉምሩኩ ግቢ ሁሉ የሰማው ሰላምታና ለሷ ብቻ ያንሾካሾክኸው እኩል ከሆነ ለሷ ምን ተረፋት?

ሆዮ ስትሰማው ዓይኗን ጨፈነች። «አገገመ» አለችኝ፣ ስለ ድምፅህ። እንደማያልቅም ነገርኳት፤ ታምነኝ አታምነኝ እንጃ። ብቻ አሁን ከሥራ ስገባ በረንዳው ድረስ ይሰማኛል፤ አንተ ትጠይቃለህ፣ እሷ ትመልሳለች፣ ባቡሩ ያልፋል። አንዳንዴ ስለ በሩ ቀለም ስትከስሰኝ ሁሉ እሰማታለሁ።

የመጨረሻው መልእክትህ የሚያልቀው ግን በኔ ነው። «አንቺስ ልጄ፣ ደህና ነሽ?» ትልና ዝም ትላለህ። ከሁሉም የሚረዝመው ዝምታህ እሱ ነው፤ ለመዝጋት የሳሳህ ይመስላል። ሆዮ እዚያ ስትደርስ አትመልስም። ፊቷን ወደ እኔ ታዞርና ትጠብቃለች። እስከ ዛሬ ግን አንድ ቃል አልወጣኝም።

ስለዚህ በጽሑፍ ሆነ። ስልክ ቢቀየር፣ ሆዮም አንድ ቀን ወዳንተ ብትመጣ፣ ድምፅህን ከነዝምታው እይዘዋለሁ። ለልጆቼም ሳሰማ መልስ እንዲሰጡህ አስተምራቸዋለሁ እንጂ አልረሳህም፣ አላስረሳህምም።

ደህና ነኝ፣ አባዬ። አንተስ?