መንጃ ፈቃድ የሌለው ፕሮፌሰር ፒስተን

የካቲት 3
የዛሬ ሥራዬ ሦስት የታች ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ አንድ ሙሉ የላይ። የላዩ ባለቤት እማማ "የድሮ ሳቄን መልስልኝ" ብለው የሠርግ ፎቷቸውን ልከውልኛል። ፎቶው ላይ አፋቸውን ግጥም አድርገው ነው የቆሙት። ከየት አባቴ ላምጣው?

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እትዬ እንደ ወትሮዋ ከጥርስ ላቦራቶሪው በር ወሰደችኝ። ታላቅ እህቴ ናት። ከፖስታ ቤት ሥራዋ ስትወጣ እኔን ለቅማ ነው ቤት የምትገባው። አርባ አንድ ዓመቴ ነው። እንደ ተማሪ ቦርሳዬን ታቅፌ እገባለሁ።

ስልኬ ላይ ግን ሌላ ሰው ነኝ። አራት ሺህ አባላት ባሉት የመኪና ወዳጆች ቡድን ውስጥ ስሜ "ፕሮፌሰር ፒስተን" ነው። ከቡድኑ ኃላፊዎችም አንዱ ነኝ። ዛሬ ቡድኑ ሲታመስ ዋለ። የምንወደው ፋብሪካ ሚያዝያ ላይ አዳዲስ ሞዴሎቹን ሊያሳይ ነው። የሁሉም ጥያቄ አንድ... "ፕሮፌሰር፣ ስድስቱ ይመለሳል ወይ?" ስድስቱ የምንለው ስድስት ሲሊንደር በአንድ ረድፍ የተሰለፉበት፣ ፋብሪካው መሥራት ከተወ አሥራ አምስት ዓመት የሆነው ሞተር ነው። ድምፁ... ተወው። ከጀመርኩ ደብተሩ አይበቃኝም።

"ይመለሳል" ብዬ ጻፍኩ። "ምንጮቼ አረጋግጠውልኛል።"

ምንጮቼ እነማን ናቸው? አንደኛው ምኞቴ ነው። ሁለተኛው... እሱም ምኞቴ ነው።

እዚህ ማንም አያየኝም፣ እውነቱን ልጻፍ። መኪና መንዳት አልችልም። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ አባታችን መሪ ቢያስጨብጠኝ የጎረቤት አጥር ይዤ ገባሁ። ከዚያ ወዲህ ከመሪ ጋር እንደተኳረፍን አለን።

የካቲት 12
ቡድኑ ውስጥ አንድ "ባትሪው" የምንለው ሰው አለ። "ዘመኑ የኤሌክትሪክ ነው፣ የሞተውን አትቀስቅሱ" ብሎ ጻፈ። ደሜ ፈላ። አሥራ አንድ አንቀጽ መለስኩለት። ስለ ሚዛን፣ ስለ ንዝረት፣ ስለ ጉልበት... ሁለት መቶ ሰው ወደደልኝ። አሥራ ሁለተኛውን ስጽፍ የእማማን ጥርስ የምቀርጽበት ሰም እሳት ላይ ረስቼው ቀልጦ ፈሰሰ። እንደገና ከዜሮ።

አለቃዬ፣ "ሐሳብህ የት ነው ያለው?"
"ጥርስ ላይ።"
"የማን?"

የካቲት 17
ሲያልቅ አያምር አሉ። የቡድናችን ባለጋራዥ ጻፈ። ፋብሪካው ሞዴሎቹን በሚያሳይበት ቀን ሁላችንም እሱ ጋራዥ ተሰብስበን በትልቅ ስክሪን እናያለን፤ ከዚያ በየመኪናችን ተሰልፈን ከተማዋን እንዞራለን። "ከፊት የሚመራን ፕሮፌሰር ነው!"

ጥፋቱ የኔው ነው። የእትዬን መኪና ስንቴ ፎቶ አንስቼ "የኔዋ" እያልኩ ለጥፌያለሁ? ሰማንያ ጊዜ። አባታችን ለእሷ ነው የተዋት፤ አሮጌ፣ ባለ ስድስት፣ የታጠበች ቀን የምታበራ። አንዱ ፎቶ ላይ ወንበሩ ላይ የእትዬ ሻሽ ታይቶ "የባለቤትህ ነው?" ብለው ጠየቁኝ። ፈገግታ ላኩላቸው። ወይ ቅሌት።

ምን ብዬ ልቅር? አመመኝ? ማን ያምናል?

የካቲት 20
መንጃ ትምህርት ቤት ተመዘገብኩ። ለእትዬ አልነገርኩም። ትስቅብኛለች።

አስተማሪዋ በአሥር ዓመት ታንሰኛለች። "ነድተው ያውቃሉ?" አለችኝ።
"በንድፈ ሐሳብ ደረጃ፣ አዎ።"

ዝም ብዬ ብገባ ምን ነበረበት? ፍሪሲዮን ውስጡ ምን እንደሚመስል፣ ሳህኑ እንዴት እንደሚላቀቅ፣ እንዴት ተመልሶ እንደሚይዝ አስረዳኋት። በትዕግሥት ሰማችኝ። "ጨረሱ? በሉ እንግዲህ ይርገጡት።"

ረገጥኩት። ፍሬን ነበር።

መጋቢት 2
ዳገት ላይ አስቆመችኝ። ሞተሩ ጠፋ። አስነሳሁ፣ ጠፋ። ከኋላዬ አንድ አውቶቡስ ሙሉ ሰው። መኪናዋ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረች። የአውቶቡሱ ሾፌር አንገቱን አውጥቶ፣ "ወንድም፣ እኛ የምንሄደው ወደ ላይ ነው!"

ውሃ ሆንኩ። ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተለጠፈ። በዚያው ቀን ደግሞ ቡድኑ ውስጥ "ዳገት ላይ የሞተር ጉልበት" የሚል ማብራሪያ ጽፌያለሁ። ሰው እንደዚህ ያለ እፍረተ ቢስ ይሆናል?

መጋቢት 8
ዛሬም ጠፋ።

መጋቢት 15
እትዬ ከሥራ ስንገባ የግቢውን በር ምሰሶ ገጨችው። የቀኝ ስፖኪዮ ተሰብሮ ወደቀ። ዘልዬ ወረድኩ። "ስፖኪዮው! እትዬ፣ የፋብሪካው እኮ ነበር!" ጭረቱን በአውራ ጣቴ ስለካ እሷ መሪውን እንደያዘች ቁጭ ብላለች።

"ምሰሶውን አላየሁትም" አለች።

ምሰሶው ሃያ ዓመት እዚያው ነው የቆመው። ይሄን ያሰብኩት አሁን ስጽፍ ነው። ያኔ ግን ምን አደረግኩ? ፎቶ አንስቼ "ቁስለኛዋ ጀግና" ብዬ ለጠፍኩ። ሦስት መቶ ሰው ለመኪናዋ "እግዜር ይማራት" አለ።

መጋቢት 16
ጠዋት "ቁጭ በል" አለችኝ። ቁጭ አልኩ።

የዓይን ሞራ። ቀኙ ተሸፍኗል ማለት ይቻላል፣ ግራውም እየተከተለ ነው። ሐኪሙ ከነገራት ዓመት ሊሆን ነው። ቀዶ ጥገና ያስፈልጋታል። ለካ "ከመሸ አልነዳም" የምትለው... እኔ የእርጅና ግትርነት ነው ብዬ ስቄባት ነበር።

"ለምን አልነገርሽኝም?"
"ብነግርህ ማን ይነዳል? አንተ?"

እሷው ቀጠለች።

"መኪና ሳይታይ፣ በድምፁ ብቻ ሲሊንደሩን ትቆጥራለህ። እኔ ፊትህ ስደናበር ግን..." አልጨረሰችውም። ብትጨርሰው ይሻለኝ ነበር።

ከእንግዲህ መሪ አልነካም አለች። መኪናዋንም እሸጣታለሁ አለች። ያኔ አመለጠኝ። መንዳት እየተማርኩ ነው አልኳት። አየችኝ... ወይም ወደ እኔ ዞረች፣ ምን ያህል እንደምታየኝ እንጃ። ከዚያ ሳቀች። ጠረጴዛ እየደበደበች ሳቀች። ዓይኗን በሻሿ ጠርጋ ስታበቃ፣

"ስንተኛ ትምህርት ነህ?"
"ዘጠነኛ።"
"ዳገትስ?"
"እሱን ተይው።"

መጋቢት 28
እሑድ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሁለታችንም በአውቶቡስ ነው። መኪናዋ ግቢ ቆማለች። አልሸጠቻትም። ይልቅ ከምሳ በኋላ ቁልፉን አንስታ "ና ውጣ" አለችኝ። እኔ መሪው ጋ፣ እሷ ጎኔ። ሞተሩ ጠፍቷል።

"አስነሳ።"
"እንዴ፣ ቁልፉ እኮ አልገባም።"
"በአፍህ አስነሳ! አንተ ድምፁን ታውቀው የለ?"

አስነሳሁ። በአፌ። አንደኛ ማርሽ፣ ሁለተኛ፣ ፍሬቻ፣ ስፖኪዮ እይ (የቀኙ የለም)፣ ዳገት መጣ፣ ቀስ አድርገህ ልቀቅ... አንድ ሰዓት ሙሉ የትም ሳንሄድ ላብ በላብ ሆንኩ። ጎረቤታችን በአጥር ላይ ብቅ ብሎ "ጉዞው ወዴት ነው?" አለ። እትዬ ሳትዞር "እስክንደርስ አናውቀውም" አለችው።

ሚያዝያ 6
የመንጃ ፈቃድ ፈተናው ላይ ወደቅኩ። ፈታኙ "ቋሚውን ለምን ገጩት?" አለኝ። "ስለ ሞተሩ እያሰብኩ ነበር" ልለው ነበር፤ ተውኩት።

ሚያዝያ 11
የዕጣ ፈንታዬ ቀን። ባለጋራዡ ዘንድ በአውቶቡስ ሄድኩ። አንድ ፌርማታ ቀድሜ ወርጄ በእግሬ ገባሁ፣ እንዳያዩኝ።

አርባ ሰው ይሆናል። ባለጋራዡ ግድግዳው ላይ ነጭ አንሶላ ዘርግቷል፣ ትልቅ ስክሪን ያለው እሱን ነው። የፋብሪካው ሰውዬ መድረክ ላይ ወጣ። መጋረጃው ተነሳ። መኪናዋ ታምራለች፣ አልዋሽም። ከዚያ ስለ ሞተሩ ተናገረ። ሦስት ሲሊንደር። ከባትሪ ጋር።

አንዱ ከኋላ፣ "ሦስት? ግማሹን የት በሉት?"

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። "ፕሮፌሰር፣ ምንጮችህስ?"

አሁንም ልዋሽ እችል ነበር። "በሚቀጥለው ዓመት" የምትል ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ነበረች። ግን ጋሼ ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ጡረታ የወጡ የጭነት መኪና ሾፌር ናቸው፣ ቡድናችን ውስጥ በዕድሜ ትልቁ።

"ምንጭ የለኝም" አልኩ። "በሬ ወለደ ነው። ራሴ የተመኘሁትን ነው የነገርኳችሁ።"

ባለጋራዡ ነገሩን ሊያበርድልኝ፣ "በቃ አለፈ! ይልቅ እንውጣ። መኪናህን የት አቆምካት?"

"የእህቴ ናት። መንጃ ፈቃድ የለኝም። ባለፈው ሰኞ ወድቄያለሁ። በአውቶቡስ ነው የመጣሁት።"

ሳቁ የጋራዡን ቆርቆሮ አንቀጠቀጠው። እኔም አብሬ ሳቅሁ፣ ምን ላድርግ? ያልሳቁት ጋሼ ብቻ ናቸው። "ልጄ፣ ሠላሳ ዓመት ነድቼ ሞተር ውስጡ ምን እንዳለ ያስረዳኸኝ አንተ ነህ። ግን 'አረጋግጠውልኛል' ብለህ ብትጽፍ አምኜ፣ ስድስቱ እስኪመጣ ቆይ ብዬ ልጄን መኪና እንዳይገዛ ከለከልኩት። ነፍሰ ጡር ሚስቱን ሁለት ወር በእግሯ አስኬዳት።"

"ይቅርታ ጋሼ" አልኩ። እሳቸውም "ለሷ ንገራት" አሉ። የምራታቸውን ስልክ ቁጥር ሰጡኝ። ደወልኩላት። አጥብቃ ሰደበችኝ፣ ይገባኛል።

ሰልፉ ወጣ። እኔ በሩ ላይ ቀረሁ። አንድ መኪና ድምፅ ሳታሰማ አጠገቤ መጥታ ቆመች። ባትሪው። ክፉ፣ ጥርሱን የሚያፋጭ ሰው አድርጌ ነበር የሳልኩት... ለስላሳ፣ ትንሽ አፋር ሰው ነው፣ ፋርማሲስት። "ግባ፣ ላድርስህ።"

"ምንም አይሰማም" አልኩት።
"አዎ። ሰው ይሰማባታል።"

ስለ እትዬ ነገርኩት። የእናቱን ዓይን ያከመውን ሐኪም አድራሻ ጽፎ ሰጠኝ። አሥራ አንድ አንቀጽ የጻፍኩበት ሰው!

ሚያዝያ 12
ከቡድኑ ኃላፊነት ለቀቅሁ። ይቅርታ ጻፍኩ፣ አንድ አንቀጽ ብቻ። አዲሱ ስሜ "ፕሮፌሰር አውቶቡስ"። አዳዲስ ጥያቄዎችም መጥተዋል፤ "ቁጥር ስንት አውቶቡስ ወዴት ይሄዳል?"

ሚያዝያ 27
አለፍኩ። ዳገቱንም።

እትዬ መንጃ ፈቃዱን ተቀብላ አፍንጫዋ ድረስ አስጠግታ አየችው። "ፎቶው ላይ የደነገጥክ ትመስላለህ።" ደንግጬ ነበር።

ግንቦት 8
ቀኙ ዓይኗ ዛሬ ተሠራ።

ጠዋት ስንሄድ ሁለት ጊዜ ጠፋብኝ። አንዱ መብራት ላይ፣ አንዱ ያለ ምንም ምክንያት። ከኋላ ጥሩምባ። እትዬ መስኮቱን ዝቅ አድርጋ "የቸኮለ ይዝለል!" አለቻቸው። ሐኪም ቤቱ በር ስንደርስ እሷ ተረጋግታለች፣ ግድግዳ ይዤ የምሄደው እኔ ነኝ። ነርሷ "ታማሚው ማነው?" አለች።

አንድ ሰዓት እንኳን አልፈጀም። ዓይኗ ላይ ጥጥና ፕላስተር ተደርጎላት ወጣች። ነገ ይነሳል፣ ሐኪሙ ጥሩ ሆኗል ብሏል። ደግፌ አስገባኋት፣ ቀበቶዋን አሠርኩላት። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ይንጫጫል፤ ቡድኑ ፋብሪካው ከሁለት ዓመት በኋላ ስለሚያወጣው ሞተር ወሬ ይዟል መሰለኝ። አጠፋሁት።

በሠላሳ ነው የነዳሁት። ብስክሌት ቀደመኝ። አልከፋኝም። "ማርሽ ቀይር፣ ሞተሩ እየጮኸ ነው" ትላለች ብዬ ስጠብቅ ምንም አላለችም። መብራት ላይ ስቆም ዞሬ አየኋት። ራሷን መስኮቱ ላይ ጥላ፣ አፏን ትንሽ ከፍታ፣ ተኝታለች።

እትዬ መኪና ውስጥ ስትተኛ አይቼ አላውቅም። እንዴት ትተኛ? ሃያ ዓመት መሪው ላይ እሷ ናት።

የቤታችን በር ደረሰ። አለፍኩት። ቀጥ ብዬ እስከ አደባባዩ፣ ዞሬ፣ እንደገና በቤታችን በኩል፣ እንደገና አለፍኩት። እንዳላነቃት ብዬ ነው... በምሰሶዎቹ መሐል መግባትም ፈርቼ ነው። ሁለቱም።