ከመንሹ ላይ የሚቀበል ድምፅ

የሺዋስ፣ ያየሁት ነገር ግራ ስላጋባኝ በዚህች ፖስታ ካርድ ላንተው ጻፍኩ።

ዛሬ ከደብረ ታቦር ወጣ ብሎ የገብስ አጨዳ ደቦ ላይ ዋልኩ። ዜማ ያወርድላቸው የነበረው ደሞዜ አሁን ጅዳ ሹፌር ሆኗል። ሚስቱ ስርጉት ስልኩን መሬት ላይ በተተከለ የገለባ ማንሻ መንሽ ላይ አሰረችው፤ እሱ ከጅዳ በስልክ ያወርዳል፣ አጫጆቹ ይቀበላሉ። ድምፁ ግን እየዘገየ ስለሚደርስ የማጭዱ ምት ተዘበራረቀ። በጉና ተራራ በኩል ደመናው ጠቁሯል፤ ከዘነበ የነስርጉት የዓመት ቀለብ እዚያው መበስበሱ ነው። ስርጉት ዜማውን ራሷ አወረደችው።

"ደግሞ ሴት ታውርድ?" አሉ ሽማግሌው አባ ትእዛዝ።

"እንግዲያው ደሞዜ እስኪመጣ ዝናቡን እንዲቆይ ይለምኑልኝ፣ አባባ!"

ሰዉ ሳቀና ተቀበላት። እሳቸውም ተቀበሉ። ዝናቡ ሳይደርስ ገብሱ ተከመረ።

ያን ሁሉ ጊዜ ደሞዜ ስልኩን አልዘጋም ነበር። ሁሉም ተቀብሎ ዝም ሲል፣ ከመንሹ ላይ የእሱ ድምፅ ብቻውን ዘግይቶ ሚስቱን ይቀበላት ነበር። ዓለም አንድ ሆናለች ልበል፣ ወይስ ቤቱ ሰው አጥቷል? አላወቅሁም። እኛ እንኳ ከተማ ውስጥ በአንድ ፎቅ ደረጃ እየወጣን የታችኛውን ጎረቤታችንን ስም አናውቅም።

ካርዱ ሞላብኝ። ጌጤንና ልጆቹን ሳምልኝ። ጎረቤታችንንም ሰላም በልልኝ፤ ስሙን ጠይቀው።