ጋሽ ሃያ ስምንት፦ የታችኞቹ አሥራ አንድ ደረጃዎች ባለሙያ የሕይወት ታሪክ

ውድ ወንድማችን ከድንጋይ ጠራቢው አባታቸውና ከልብስ ሰፊዋ እናታቸው መጋቢት 11 ቀን 1949 ዓ.ም. ከአውቶቡስ ጋራዥ ጀርባ በነበረች ባለ አንድ ክፍል ቤት ተወለዱ። ለወላጆቻቸው ሁለተኛ ልጅ ናቸው፤ ይህን የምጽፈው እኔ ደግሞ ሦስተኛዋና የመጨረሻዋ ነኝ። የዚያች ቤት ግቢ ከዓመት ዓመት ጭቃ ነበር። እናታችን ለደንበኛ የሰፉትን ልብስ ከጭንቅላታቸው በላይ ይዘው፣ ከድንጋይ ድንጋይ እየረገጡ ነበር የሚወጡት። ወንድሜ ገና በልጅነታቸው "እኔ ሳድግ በዚህ ግቢ በነጭ ካልሲ ነው የምትሄዱት" ይሉ እንደነበር ጎረቤት ሁሉ ያስታውሳል።

ትምህርታቸውን በሰፈራችን ትምህርት ቤት እስከ ስምንተኛ ክፍል ተከታትለዋል። አባታችን በድንጋይ ፍንጣሪ አንድ ዓይናቸውን ሲያጡ ግን ትምህርታቸውን አቋርጠው ቤተሰቡን ለመደገፍ ሥራ ፍለጋ ወጡ። የእጅ ጽሕፈታቸው እጅግ ያማረ ነበር፤ የሠሩትን ሁሉ ከነቀኑ በደብተር የመጻፍ ልማድም ነበራቸው። ይህን ልብ በሉልኝ፣ በኋላ እንመለስበታለን።

በ1966 ዓ.ም. በአንድ የሕንፃ ሥራ ድርጅት በሲሚንቶ አቡኪነት ተቀጠሩ። ከሦስት ዓመት በኋላ ደግሞ ከቤት ውጭ ያለን ኮንክሪት፣ ማለትም ደረጃን፣ ግቢንና በረንዳን፣ ከዝናብ፣ ከፀሐይና ከውርጭ የሚጠብቀውን ፈሳሽ የመቀባት ሥራ ተሰጣቸው። ብዙ ሰው ኮንክሪትን ድንጋይ አድርጎ ያየዋል። ወንድሜ ግን "ኮንክሪት ይጠጣል" ይሉ ነበር። የጠጣው ውኃ በብርድ ጊዜ በረዶ ይሆንና ያብጣል፣ ከውስጥም ይፈነቅለዋል።

እዚህ ላይ ጥፋታቸውንም እጽፋለሁ፤ እሳቸው ራሳቸው ሳይደብቁ ይናገሩት ነበርና። በ1970 ዓ.ም. የአንድ ትምህርት ቤት ግቢ ኮንክሪት በተሞላ በአምስተኛው ቀን፣ አለቃቸውን ለማስደሰት ብለው ቀቡት። አዲስ ኮንክሪት በሆዱ ገና ውኃ አለው፤ ላዩን ሲዘጉበት ውኃው መውጫ ያጣል። ዓመት ሳይሞላው ቅቡ እንደተቃጠለ ቆዳ ተላጠ። ወንድሜ ማንም ሳያዛቸው በእረፍት ቀናቸው እየሄዱ፣ ተንበርክከው ያንን ሁሉ ግቢ በሽቦ ብሩሽ ፈገፈጉት። ሰባት እሑድ ፈጀባቸው።

ከዚያ ወዲህ ለመድረቅ የሚያስፈልገው ሃያ ስምንት ቀን ሳይሞላው የነኩት ኮንክሪት የለም። ቀኑ ሞልቶም አያምኑትም፤ ፕላስቲክ ቆርጠው ዳር ዳሩን ያጣብቁበትና አንድ ሙሉ ቀን ያቆዩታል። ከፕላስቲኩ ሥር ላብ ካገኙ "ገና ነው" ብለው ዕቃቸውን ይሰበስባሉ። ቀብተው ሲጨርሱ ደግሞ አንድ ጣሳ ውኃ ያፈሱበታል፤ ውኃው ሳይሰርግ እንደ ዶቃ ከተንከባለለ ሥራው አለቀ ማለት ነው። የሥራ ባልደረቦቻቸው በዚሁ ምክንያት "ጋሽ ሃያ ስምንት" የሚል ስም አወጡላቸው። መጀመሪያ ለማሾፍ ነበር፤ ቆይቶ ግን የማዕረግ ስም ሆነ።

በ1975 ዓ.ም. ከመድኃኒት ቤት ሠራተኛዋ ባለቤታቸው ጋር በትዳር ተጣመሩ። ለጋብቻ ሲጠይቋቸው "ሃያ ስምንት ቀን አስቢበት" ብለዋቸው ነበር አሉ። ሙሽሪት በሦስተኛው ቀን እሺታቸውን ቢልኩም፣ ሙሽራው ቀኑ እስኪሞላ ዝር አላሉም። "መድረቄን በፕላስቲክ ሊፈትኑኝ ነው ብዬ ፈርቼ ነበር" እያሉ ባለቤታቸው እስከ ዛሬ ያስቁናል። ሁለት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተው፣ አስተምረው፣ ለወግ ለማዕረግ አብቅተዋል። የእናታችንንም ግቢ ኮንክሪት አለበሱት። እናታችን በሰማንያ ዓመታቸው፣ ዝናብ ባባራበት ቀን፣ በነጭ ካልሲ ግቢውን ዞረው ካልሲያቸውን ለጎረቤት አሳይተዋል።

እስከዚህ ያለውን ማንም ቢጽፈው ይጽፈዋል። አሁን ወደ ደረጃው እንምጣ።

ዘመዶቼ "ተይ፣ የሐዘን ቀን ነው፣ መልካም መልካሙን ብቻ ጻፊ" ብለውኛል። ሰው በለቅሶ ላይ ደፈር ብሎ ሲናገር "ሙት ወቃሽ አያድርገኝ" ይላል። እኔ ሙት አልወቅስም። የምወቅሰው ሰው በሁለተኛው ረድፍ፣ ከመስኮቱ አጠገብ፣ በሕይወትና በጤና ተቀምጧል።

ዛሬ ለስንብት የተሰበሰብንበት፣ የወንድሜ ድርጅት የሠራው ይህ አዳራሽ ሃያ ሁለት የውጭ ደረጃዎች አሉት። የታችኞቹ አሥራ አንድ በሰኔ 2008 ዓ.ም. ተሞሉ፤ ወንድሜም ቀናቸውን ጠብቀው ቀቧቸው። የላይኞቹ አሥራ አንድ ግን ከሥራቸው የሚያልፈው የፍሳሽ ቧንቧ እንደገና ስለተቀበረ ዘግይተው ጥቅምት 3 ቀን 2009 ዓ.ም. ተሞሉ። ምርቃቱ ለጥቅምት 15 ተቆርጦ ነበር። የአዳራሹ ሥራ አስኪያጅ ወንድሜን አስጠርቶ "የላይኞቹም ለምርቃቱ እንዲያብረቀርቁልኝ" አለ። አዎ፣ "አለ" ነው የምለው፤ ዛሬ ለእሱ የሚተርፍ አንቱታ የለኝም። ወንድሜ ሁለት ነገር ነገሩት፤ ኮንክሪቱ ገና እርጥብ ነው፣ የሚያብረቀርቅ ቅብ ደግሞ ለውጭ ደረጃ አይሆንም፣ ዝናብ ሲነካው ሰው ይጥላል። "እንግዶቹ ምን ይሉኛል?" አለ። "እንግዶቹ በማግስቱ ይሄዳሉ፣ ዝናቡ ግን እዚሁ ነው" አሉት።

ጥቅምት 12፣ ማለትም በዘጠነኛው ቀን፣ ባለቤታቸው ቀዶ ሕክምና ስለነበራቸው ወንድሜ ሆስፒታል ዋሉ። እኔም አብሬያቸው ነበርኩ፤ ከጠዋት እስከ ማታ ከዚያች አግዳሚ ወንበር ላይ አልተነሡም። በዚያው ዕለት ሥራ አስኪያጁ የአዳራሹን ግድግዳ ሊቀባ የመጣውን ቀለም ቀቢ ወደ ውጭ አውጥቶ፣ የሚያብረቀርቀውን ነገር በሩሎ አስለቀለቀው። ለምርቃቱ አበራ፤ ፎቶ ተነሡበት፤ ተጨበጨበ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል! ወር ሳይሞላው ነጭ ነጭ ፊኛ አወጣ፣ በመጀመሪያው ውርጭ ተላጠ፣ ያልተላጠው ቦታ ደግሞ እንደ ሳሙና ያሟልጭ ጀመር። ጥር 20 ቀን ዝናብ ጣለ። አንዲት የሰፈራችን ጡረተኛ መምህርት ከላይ በሦስተኛው ደረጃ ላይ ተንሸራትተው ወደቁ። ዳሌያቸው ተሰበረ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ በእግራቸው አልሄዱም።

አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። ሥራ አስኪያጁ ዓይኑን በጨው ታጥቦ ቀረበና "ደረጃውን የቀቡት እሳቸው ናቸው" አለ። ቀለም ቀቢው ሥራዬን አጣለሁ ብሎ አፉን ለጎመ። ወንድሜ ደብተራቸውን አቀረቡ። በላይኞቹ ደረጃዎች መስመር ላይ የተሞላበት ቀን ቁልጭ ብሎ ተጽፏል፤ የተቀባበት ቀን ቦታ ባዶ ነው። አንድም ሰው አልገለጠውም። ሪፖርቱ "ጉዳቱ የደረሰው በቀቢው ሠራተኛ ቸልተኝነት ነው" ብሎ ተዘጋ። ቸልተኝነት! ሰባት እሑድ ተንበርክኮ የራሱን ጥፋት የፈገፈገ ሰው ቸልተኛ ተባለ። ወይ ነዶ!

ከአርባ ሦስት ዓመት አገልግሎት በኋላ ከሥራ ተሰናበቱ። ከዚያ ወዲህ በረንዳውን የሚያስቀባቸው እንኳ ጠፋ። መምህርቷን ግን በየሳምንቱ ይጠይቋቸው ነበር። መጀመሪያ የሄዱ ቀን "እኔ አልቀባሁትም፤ ግን ቆሜ ስላልጠበቅኩት ይቅርታ ያድርጉልኝ" አሏቸው። መምህርቷም "እኔ ወድቄ ተሰበርኩ፣ እርስዎን ግን ቆመው ሳሉ ነው የሰበሩዎት" ብለው አለቀሱ።

ያ አንድ መስመር ከሪፖርቱ እንዲሰረዝላቸው፣ በዚያ በሚያምር ጽሕፈታቸው ለሚመለከተው ቢሮ ሰባት ደብዳቤ ጻፉ፤ በየዓመቱ አንድ። መልስ የለም። ሌላ ነገር አልፈለጉም፤ ካሳም፣ ሥራቸውንም አልጠየቁም፣ ስማቸውን ብቻ ነበር። የታችኞቹን ደረጃዎች ግን አልተዉም። በየዓመቱ ጣሳቸውን ይዘው መጥተው ውኃ ያፈሱባቸው ነበር፤ በ2014 ዓ.ም. ውኃው መስረግ ሲጀምር በገዛ እጃቸው ደግመው ቀቧቸው። ዘበኛው ምስክሬ ነው። እኔ በንዴት "ካባረሩህ በኋላ አንተን ምን አገባህ?" ስላቸው "ደረጃው ምን አጠፋ?" አሉኝ።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሳንባ ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ ግንቦት 9 ቀን 2016 ዓ.ም. በተወለዱ በ67 ዓመታቸው በመኖሪያ ቤታቸው አረፉ። በመጨረሻው ሳምንታቸው የሚጠይቁኝ ስለ መድኃኒት አልነበረም፤ "ደብዳቤ መጣ?" ነበር። አልመጣም አልኳቸው። ብትዋሺያቸውስ ምን ነበረበት የምትሉኝ ትኖራላችሁ። እሳቸውን መዋሸት አይቻልም፤ ፕላስቲክ አስቀምጠው ይፈትኑሻል።

መልሱ የመጣው በሞቱ ማግስት ነው፤ የአበባ ጉንጉን ሆኖ። "ለታታሪው ባለሙያችን" ይላል፤ ያውላችሁ፣ እዚያ ጥግ ቆሟል። ሥራ አስኪያጁ አዳራሹንም በነፃ ፈቀደልን። ዛሬ ጠዋት ደግሞ የላይኞቹን ደረጃዎች ቀይ ምንጣፍ አልብሶ ጠበቀን፤ ሁላችሁም ረግጣችሁት ገብታችኋል። መምህርቷ ግን በተሽከርካሪ ወንበራቸው በጓሮ በር ነው የገቡት።

ወንድማችን ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውን፣ ታላቅ እህታቸውንና እኔን ትተው አልፈዋል። አንድ ያልተሰረዘ መስመርም ትተውብናል።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። እኔ ሰባት ዓመት አድሬያለሁ፤ ከእንግዲህ ማደሩን አልችልም። ሥርዓቱ ሲያበቃ ልጆቻቸው ያንን ምንጣፍ ይጠቀልሉታል። የወንድሜ ጣሳ ውኃ ተሞልታ ከበሩ አጠገብ ተቀምጣለች። ሥራ አስኪያጁ አንድ ጊዜ ከላይኛው፣ አንድ ጊዜ ከታችኛው ደረጃ ላይ በእጁ እንዲያፈስ በሁላችሁ ፊት እጠይቀዋለሁ። እንቢ ካለ እኔ አፈሳለሁ። የሚሰርገውንና የሚንከባለለውን ቆማችሁ እዩልኝ፣ ለልጆቻችሁም ንገሩልኝ። ኮሚቴ አያስፈልገውም።

ፈጣሪ የወንድማችንን ነፍስ ዝናብም፣ ውርጭም፣ የሐሰት ቃልም በማይደርስበት ስፍራ ያሳርፍልን፤ ለባለቤታቸውና ለልጆቻቸው ብርታቱን ይስጥልን።

ስትወርዱ ከላይ ያሉትን አሥራ አንድ ደረጃዎች እርስ በርስ ተደጋግፋችሁ፣ ቀስ ብላችሁ ውረዱ። ከአሥራ ሁለተኛው ጀምሮ ግን ሳትሰጉ ርገጡ፤ የወንድሜ ሥራ ነው።