የካርቶን ፋብሪካው ረድፍ ወደ ቦታው ይመለስልኝ

ለዕቅድ ጽሕፈት ቤት ዋና ኃላፊ
ቀን፦ ማክሰኞ፣ ወር በገባ በ9ኛው ቀን

ጉዳዩ፦ በስሜ የተላከው የግብዓትና ውጤት ሠንጠረዥ ረድፉ ወደ ዓምድ የተዛወረ መሆኑ ታውቆ ካርቶን ፋብሪካው እንዳይዘጋ ስለመጠየቅ

1. እኔ አመልካች በጽሕፈት ቤትዎ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሠንጠረዥ ባለሙያ ሆኜ አገልግያለሁ። የትኛው ፋብሪካ ከየትኛው ምን ያህል እንደሚወስድ በየበሩ እየዞርኩ ጠይቄ በአንድ ማትሪክስ አሰፍራለሁ። ረድፉ ሰጪውን፣ ዓምዱ ተቀባዩን ያሳያል። ማትሪክሱ ሲሰላ አንዱ ቢዘጋ ስንቱ አብሮት እንደሚቆም ይታወቃል።

2. ዛሬ የክፍላችን ኃላፊ የሆነው ባልደረባዬ ሲቀጠር ረድፍና ዓምድ አይለይም ነበር። ከጎኔ አስቀምጬ አስተማርኩት፤ «እትዬ» ይለኛል፣ እኔም እንደ ወንድሜ አየው ነበር። ዘንድሮ ሠንጠረዤን ወደ ኮምፒውተር ያስገባው እሱ ነው። ወረቀቴ አራት ገጽ ተለጣጥፎ የተሠራ ሰፊ ነው። ጠረጴዛው ስላልበቃው ወደ ጎን አዙሮ ዘረጋው፣ እንደዚያው አስገባው። ሰጪው ተቀባይ ሆነ። ኮምፒውተር ደግሞ የሰጡትን ያሰላል እንጂ አይታዘብም።

3. ካርቶን ፋብሪካው ወረቀት የሚያስመጣው ከውጭ ነው፤ እዚህ የሚገዛው ሙጫ ብቻ ነው። ለሳሙናው፣ ለጫማውና ለብስኩቱ ፋብሪካ ማሸጊያ የሚያቀርበው ግን እሱ ነው። በተዛወረው ሠንጠረዥ ከሁሉም የሚወስድ፣ ለሙጫ ፋብሪካ ብቻ የሚሰጥ ሆኖ ታየ። «ቢዘጋ ከሙጫው በቀር የሚጎዳ የለም» ተብሎ ተወሰነ።

4. ስህተቱን ሳይላክ አይቼ ነገርኩት። «እትዬ፣ አስተካክዬ ነው የምልከው፣ አያስቡ» አለኝ። አመንኩት። ሳያስተካክል ላከው፤ ይባስ ብሎ ከ«አዘጋጅ» ፊት የራሱን ስም አንስቶ የእኔን ጻፈ። ያለፉት ሁለት ሠንጠረዦች ሲመሰገኑ ለስሜ ቦታ አልተገኘም ነበር። ክቡርነትዎ፣ መሳሳት የሰው ነው፤ ይህ ግን ክህደት ነው። ያጎረስኩበትን እጄን ተነክሻለሁ።

5. የመዘጋቱ ማስታወቂያ ከነስሜ በፋብሪካው በር ተለጥፏል። ታላቅ እህቴ እዚያ ሃያ ስድስት ዓመት ካርቶን ስታጥፍ ኖራለች፤ እኔን ያስተማረችኝም በዚያው ሥራ ነው። ማስታወቂያውን ያየችው ከሥራ ስትወጣ ነው። ከዚያን ቀን ወዲህ ቤቷ ብሄድ ፊቷን ታዞርብኛለች። እኔ አይደለሁም ብላትም ስሜ ተጽፎ አይታለች።

በእጄ የጻፍኩትን ዋናውን ወረቀት አያይዣለሁ። ማሽኖቹ ዓርብ ተነቅለው ሳይጫኑ ሁለቱ ሠንጠረዦች እንዲመሳከሩልኝ በትሕትና እለምናለሁ። ባልደረባዬ ይቀጣልኝ አልልም፤ ፊቱን ማየት ግን አልችልም፣ ጠረጴዛዬ ወደ ሌላ ክፍል ይዛወርልኝ። እርምቱም በዚያው የፋብሪካ በር ላይ ይለጠፍልኝ። በትልልቅ ፊደል ይሁን፤ የእህቴ መነጽር ከዚያ ወዲህ ተሰብሯል፣ እኔ እንዳላነብላት ደግሞ አታናግረኝም።

ልቤ ቢጎዳም ከሙሉ አክብሮትና ከሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
የሠንጠረዥ ክፍል ባለሙያ