የእናታቸውን አሻራ ያልሰረዙት ምስክር ሀብተሚካኤል

አቶ ምስክር ሀብተሚካኤል ከአባታቸው ከአቶ ሀብተሚካኤል አለበል እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ሸጋዬ እንዳለው በምዕራብ ጎጃም ዞን ከማንኩሳ ወጣ ብላ በምትገኘው ሾላ ውሃ ሐምሌ 5 ቀን 1976 ዓ.ም. ተወለዱ። በዚያ ቀን አባታቸው ሁለት ጎረቤቶች በድንበር ተጣልተው ስለነበር ያዩትን ሊመሰክሩ ማንኩሳ ሄደው ነበር። ሲመለሱ ወንድ ልጅ ተወልዶ ጠበቃቸው። ከምስክርነት መልስ የተገኘ ልጅ ነው ብለው ምስክር አሏቸው።

ይህን ታሪክ የጻፈችው እናታቸው ናት። በሕይወት ሳሉ አንተ ስትላቸው ኖራ ዛሬ እሳቸው ብላ መጻፍ ከብዷታል። የሕይወት ታሪክ የሚጻፈው እንዲህ ነው ስላሏት ግን እንዲሁ ጽፋለች።

አቶ ምስክር በ1983 ዓ.ም. ማንኩሳ ትምህርት ቤት ገቡ። አምስተኛ ክፍል ሲደርሱ መምህራቸው የስም መጥሪያውን ደብተር እንዲይዙ መረጧቸው። አንድ ቀን ወንዝ ሞልቶ አረፈዱ፤ ክፍል እንደገቡ ደብተሩን ተቀብለው በራሳቸው ስም ትይዩ “አርፋጅ” ብለው ጻፉ። መምህሩ ይህን ለአባታቸው እየሳቁ ነግረዋቸዋል። አባታቸው ግን አልሳቁም፤ ይህ ልጅ ኑሮ ይከብደዋል አሉ።

ሁለተኛ ደረጃን ፍኖተ ሰላም ከሦስት ጓደኞቻቸው ጋር ቤት ተከራይተው ተማሩ። ስንቃቸውን እናታቸው በየአሥራ አምስት ቀኑ በጋሪ ትልክላቸው ነበር። ከዚያ ቡሬ ሄደው የጽሕፈትና የመዝገብ አያያዝ ሙያ ተምረው በ1998 ዓ.ም. እዚያው በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ተቀጠሩ። ከገጠር የመጣ ባለጉዳይ ፋይልህ ጠፍቷል ሲባል፣ እሳቸው መሰላል አስደግፈው አቧራ ለብሰው ይፈልጉለት ነበር። በሥራ ላይ ሳሉ በርቀት ትምህርት በሕግ ዲፕሎማ አገኙ። በ2005 ዓ.ም. ከወ/ሮ ህይወት ገብረሰንበት ጋር በቅዱስ ቁርባን ተጋብተው ሜላትንና ቴዎፍሎስን ወልደዋል።

በ2009 ዓ.ም. በአንድ ከተማ አስተዳደር የሥነ ምግባር መከታተያ ባለሙያ ሆኑ። የከተማዋ ስም እዚህ ያልተጻፈው ተረስቶ አይደለም። ያልተፈረደበት ሰው ስም በአደባባይ አይነሳም ይሉ ስለነበር ነው። ሥራቸው በባለጉዳይ ላይ በር የሚዘጋውን፣ ዘመዱን ያለ ውድድር የሚያስቀጥረውን፣ የሰው ይዞታ በሌላ ሰው ስም የሚያዞረውን ሠራተኛ መርምሮ ማቅረብ ነበር። ይህ ሥራ ወዳጅ አያበዛም። ሻይ ቤት ሲገቡ የሥራ ባልደረቦቻቸው “ወሬ ቀይሩ፣ ምስክር ቀርቧል” ይሉ ነበር። እሳቸውም “ከሳሽ ከሌለ ሻዬን ጠጥቼ እሄዳለሁ” ብለው ይቀመጡ ነበር።

አልተሳሳቱም አይባልም። በ2010 ዓ.ም. አቶ ደጀኔ የተባሉ ሠራተኛ ሰባት ቀን ከሥራ ቀርተዋል ብለው ጽፈውባቸው ደመወዛቸው ተቆረጠ። አቶ ደጀኔ ለካ ቆላ ወርደው ልጃቸውን ቀብረው ኖሯል፤ የላኩት ሰው መልእክቱን አላደረሰም። አቶ ምስክር ይህን በሰሙ ጊዜ ሽማግሌ ይዘው፣ ድንጋይ በትከሻቸው ተሸክመው ከአቶ ደጀኔ ደጅ ቆሙ። ይቅርታ አገኙ፤ ደመወዙም እንዲመለስ አደረጉ። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ባለቤቱን ፊት ለፊት ሳይጠይቁ በማንም ላይ አንድ መስመር ጽፈው አያውቁም።

እናታቸውንም የጠየቁት በዚሁ ምክንያት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከተማዋ እየሰፋች ወደ ሾላ ውሃ ስትጠጋ፣ የወ/ሮ እንቁ የጓሮ መሬት በማይታወቅ ሰው ስም ዞሮ ተገኘ። ወ/ሮ እንቁ ባላቸው የሞተባቸው፣ ከአቶ ምስክር እናት ጋር ሠላሳ ዓመት በአንድ ማኅበር የጠጡ ጎረቤት ናቸው። አቤት ብለው ፋይሉ ሲከፈት፣ መሬቴን በፈቃዴ ለቅቄአለሁ የሚል ወረቀት ወጣ። ከሥሩ የሦስት ምስክሮች አሻራ አለ። አንደኛው አሻራ መሐሉን የሚሰነጥቅ ነጭ መስመር አለው። አቶ ምስክር በአጠገቡ የተጻፈውን ስም ከማንበባቸው በፊት አሻራውን አወቁት። እናታቸው ስንዴ ስታጭድ ማጭድ አውራ ጣቷን የቆረጣት ጊዜ በነጠላቸው ያሰሩላት እሳቸው ነበሩ።

በነሐሴ 2013 ዓ.ም. በፍልሰታ ጾም መጥተው መደቡ ላይ ተቀመጡ። ከሁለት ዓመት በፊት ስለ መንደሩ ምንጭ በተሰበሰቡ ዕለት ምን ላይ እንዳተመች ጠየቋት። እሷም ስለ ምንጩ አጥር ከተነጋገሩ በኋላ ለተገኛችሁበት ነው ብለው ወረቀትና ቀለም እንዳዞሩ፣ እንደ ሰው ሁሉ አትማ እንደሄደች ነገረቻቸው። ወረቀቱ የሚለውን ነገሯት። እናታቸው ማንበብ ስለማትችል እንጂ ለክፋት አላደረገችውም፤ ያም ሆኖ በእሷ ጣት የእንቁ መሬት ሄዷል። በአገሩ የሐሰት ምስክር ተብላ ከመጠራት መሞት ይሻላት ነበር። ስሟን ከዚያ ወረቀት እንዲያወጡላት በጡቷ ለመነቻቸው።

እሳቸውም “እናና፣ የእርስዎን ስም ብሰርዝ የማንን ስም ልተው?” አሉ።

በማግሥቱ ለመሥሪያ ቤታቸው ጻፉ። ከሦስቱ አንዱ አሻራ የወላጅ እናቴ ነው፣ ስለዚህ ፋይሉን ሌላ ሰው ይመርምረው፣ እኔ የማውቀውን ቀርቤ እናገራለሁ የሚል ነው። ነገሩ የነካቸው ሰዎች ፋይሉ ቢተኛ ለሁሉም እንደሚበጅ፣ ፍርድ ቤት ከደረሰ ግን እናታቸው በሐሰት ምስክርነት እንደምትታሰር የሚነግር ሰው ላኩባቸው። አቶ ምስክር የመጣባቸውን መልእክትም ቀን ጽፈውበት ከፋይሉ ጋር አያያዙት።

እናታቸው ልጄ ከሰሰኝ አለች። ለሰውም ነገረች። ከነሐሴ እስከ ታኅሣሥ ደጃቸውን አልረገጠችም። እሳቸው በየሰንበቱ ከቅዳሴ ሲመለሱ በአጥሩ በኩል እየመጡ እንደምን አደሩ ይላሉ፤ እሷ ቤት ውስጥ ሆና አትመልስም። አንድ እሑድ በግድግዳው ቀዳዳ ስታይ ጫማቸውን አውልቀው በእጃቸው ይዘው ቆመው ነበር። ልታረቅ ብሎ በባዶ እግሩ መጣ ብላ ልቧ ደነደነ። እግራቸው አብጦ ጫማ አልገባ ብሏቸው እንደነበር የሰማችው ቆይታ ነው። ኩላሊታቸው መታመም የጀመረው በዚያ ወራት ነው። ለማንም አልተናገሩም። ይህን መጻፍ ለእናታቸው ከሁሉ የከበደ ነው።

በገና ሰሞን የንስሐ አባቷ ቄስ ወልደ ገብርኤል መጥተው “አሻራሽ ዋሽቷል፤ አፍሽ ግን ገና አልተጠየቀም” አሏት። በዚህ ቃል ተነሣች። በጥር 2014 ዓ.ም. ፍርድ ቤት ቀርባ፣ ያተመችው ለምንጩ ስብሰባ መሆኑን፣ ወ/ሮ እንቁ መሬታቸውን ሲለቁ አይታም ሰምታም እንደማታውቅ ተናገረች። የቀሩት ሁለቱም እንደ እሷ ተናገሩ። ማንም አላሰራትም። ሁለት ሠራተኞች ጥፋተኛ ተባሉ፤ መሬቱም በሰኔ ወር ለባለቤቱ ተመለሰ። በመሰከረችበት ቀን ከወ/ሮ እንቁ ጋር በአንድ ባጃጅ ተመለሱ። ማንኩሳ ሲደርሱ ወ/ሮ እንቁ “ነገ ማኅበር አለ፤ እንዳትቀሪ” አሉ።

አቶ ምስክር ለሥራው ጥቅም ሲባል በሚል ደብዳቤ ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ተዛወሩ። ወደ አገሬ መለሱኝ እያሉ ይስቁ ነበር።

እናታቸው በ2015 ዓ.ም. የጎልማሶች ትምህርት ገባች። የጻፈችውን ለእሳቸው ታሳያቸው ነበር። ፊደሏ ቢወላገድ ምንም አይሏትም፤ ከሥሩ ቀንና ስሟን ካልጻፈች ግን ደብተሩን ይመልሱላታል። ቀንና ስም የሌለው ጽሑፍ ሐሜት ነው ይሏት ነበር።

ሕመማቸው በ2016 ዓ.ም. ጸናባቸው። ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ተኝተው ታከሙ፤ ከዚያ ለኩላሊት እጥበት ባሕር ዳር ይመላለሱ ጀመር። መንገድ ሲከፈት ይሄዳሉ፣ ሲዘጋ ይጠብቃሉ። የጠበቁባቸው ሳምንታት ሰውነታቸውን ጎዱት።

ባለፈው ክረምት አልጋ ላይ ሳሉ እናታቸውን መልመጃ ልስጥዎት ብለው ስለ አንድ ሰው ከልደቱ ጀምሮ እንድትጽፍ አዘዟት። ስለማን ልጻፍ ብትላቸው፣ ስለ እኔ ይጻፉ፣ ቀኑን እኔ እነግርዎታለሁ አሉ። እሳቸው እየነገሯት እሷ ጻፈች። ስለ አሻራው ዘልላ ብታልፍ ጣታቸውን ባዶው ቦታ ላይ አድርገው ጠበቋት፤ እስክትጽፍ ድረስ አላነሡም። እሷ መልመጃ መስሏት ነበር። ከላይ የተነበበው ያ መልመጃ ነው። ጥቂቱን ብቻ ኋላ ጨምራለች።

አቶ ምስክር ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ41 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ይህን ቀን የነገራት የለም፤ ራሷ ጻፈችው።

ዘመዶች የአሻራው ነገር በቀብር ላይ ባይነሳ፣ አንቺንም ባያሳፍርሽ ብለው መክረዋታል። ለእሷ አስበው ነው፤ እግዚአብሔር ያክብራቸው። ነገር ግን ያን ብታወጣ ስለ ልጇ ምን ትተዋለች? ስለዚህ እንዳለ ይነበብ ብላለች።

አቶ ምስክር ባለቤታቸውን ወ/ሮ ህይወትን፣ ልጆቻቸውን ሜላትንና ቴዎፍሎስን፣ እናታቸውንም ትተው ሄደዋል። ሲታመሙ ያስታመሙትን፣ ከባሕር ዳር ሲመለሱ መንገድ ላይ ወጥተው የተቀበሏቸውን፣ ዛሬ አስከሬናቸውን ከተሸከሙት መካከል ፊት የነበሩትን አቶ ደጀኔን፣ ከሌሊቱ ጀምሮ ድንኳን የተከሉትን የእድሩን ሰዎች ቤተሰቡ ያመሰግናል።

እውነትን የሚወድ አምላክ የልጃችንን ነፍስ በቅዱሳኑ አጠገብ ያኑርልን። ያጠፉትን ይቅር ይበላቸው፤ በዚያም የስም ጥሪ ሲደረግ አርፋጅ አይበልብን። ለልጆቻቸውም የአባታቸውን ልብ ይስጥልን። አሜን።

ኅዳር 10 ቀን 2018 ዓ.ም.
ሾላ ውሃ
እናቱ ሸጋዬ እንዳለው፣ በእጄ ጻፍሁት