ለግሸን የሰፋሁት መኝታ

ነሐሴ 27

ዛሬም ሰመራ እሳት ናት። ከቢሮ ስመለስ ቀሚሴ ጀርባዬ ላይ ተጣብቋል። በዚህ ሙቀት እኔ ስለ ብርድ ሳስብ ዋልኩ!

አምና ኤፊ ዱብቲ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ተስያለሁ። እመቤቴ ማርያም፣ ልጄን ካተረፍሽልኝ ቤተሰቤን ይዤ ግሸን በእግሬ እመጣለሁ ብዬ። ተረፈ። ይኸው ሦስት ዓመት ሞልቶት ቤቱን ያተራምሳል። ከአውቶቡስ ከወረድን በኋላ የሁለት ቀን መንገድ ነው፤ አዳሩ ሜዳ ላይ። ባለቤቴ ይገዙ ኤፊን ያዝላል። የአራት ሰው ብርድ ልብስ ማን ይሸከማል? ፈረንጆች ለተራራ የሚይዙትን መኝታ ዋጋ ጠየቅን... ይቅርብን።

አራተኛዋ ኑሀሚን ናት። የይገዙ ልጅ፣ ዘጠኝ ዓመቷ። እናቷ ከሞተች ጀምሮ አያቷ ጋ ነበረች። እኛ ጋ ከመጣች ገና ወራት ነው። "ብይ" ስላት "ጠግቤአለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ" ትላለች። እንደ እንግዳ። በገዛ ቤቷ።

ጳጉሜን 2

አሮጌውን ኮምፎርት ተረተርኩት። ቀላል ነው፤ ይሞቃል። በእግር በኩል ዘግቼ ትልቅ ከረጢት ላደርገው ነው፤ አራታችንም እንገባበታለን። ኑሀሚን መርፌ ውስጥ ክር እያስገባችልኝ ቆየችና፣

"እኔ ለብቻዬ ብተኛስ?" አለች።

"ብቻሽን ይበርድሻል እኮ።"

"አያቴ ግሸን ትመጣለች። ከዛ ከሷ ጋ ልሄድ ነው። አባዬ እሺ ብሎኛል።"

ለኔ ለምን አልነገረኝም? ይገዙን ጠየቅሁት። "ለመነችኝ። ምን ልበላት፣ ሮማን?" አለ። እውነትም... ምን ይበላት?

የሷን ለብቻ ቆርጬ ሰፋሁ። አያቷ ቤትም ይሆናታል።

መስከረም 6

ዛሬ የሳቅነው ሳቅ! ይገዙ የሚሠራበት፣ ሎጊያ ያለው ጋራዥ ውስጥ የማቀዝቀዣ መኪና ገብቶ ነበር። ሾፌሩ ሙዓዊያ አትክልት ወደ ጅቡቲ የሚያመላልስ ሰው ነው። ስለ መንገዳችን ሲሰማ "ባዶ ነው፤ ብርዱን እዚሁ ሞክሩት" አለን። ሞተሩን አስነስቶ፣ በሩን ገርበብ አድርጎ ራሱ ቆሞ ጠበቀን። መኝታችንን አምጥተን አነጠፍንና ገባንበት።

ከላይ ደህና ነው። ጀርባዬ ግን በረዶ!

"ብርዱ የሚበላችሁ ከታች ነው" አለ ሙዓዊያ። "ከምትለብሱት ይልቅ የምታነጥፉት ይወፍር።"

ኑሀሚን ጥርሷ እየተንገጫገጨ ወጣች... ሳቀች። ድምፅ አውጥታ! ሙዓዊያ "ወላሂ፣ እንዲህ ያለ ቤተሰብ አይቼ አላውቅም" አለ።

ስስ ስፖንጅ ገዛን። ከሥሩ የማዳበሪያ ከረጢት ሰፋሁበት። ሁሉም ተጠቅልሎ ሲታይ... ሸክሙ ይቻላል።

መስከረም 19

ደሴን አልፈን ከአውቶቡስ ወረድን። ጭጋግ ነው። ኑሀሚን የራሷን መኝታ አዝላ ከፊት ከፊት ትሄዳለች። አንዴም ደከመኝ አላለችም። ቢደክማትስ ትናገራለች?

መስከረም 20

እጄ ደንዝዞ ብዕሩን አልይዝ ብሏል።

ትናንት ብዙ መንገደኛ ያለበት ሜዳ ላይ አደርን። ከላያችን ላስቲክ ወጠርን። ከረጢቱ ሞቀ፤ ኤፊን እንዲያውም አላበው። ከዚያ ዝናቡ መጣ። ጎርፉ በኑሀሚን በኩል ገባ። እሷ ግን ትንፍሽ አላለችም። እንዲሁ ስዳስሳት እግሯ ድንጋይ ሆኗል።

"ለምን አልጠራሽኝም?"

"እንዳላስቸግራችሁ ብዬ..."

ምን ዓይነት ልጅ ናት? እርጥቡን አውልቄ እኛ መሀል አስገባኋት። እግሯን ሆዴ ላይ ሳደርገው ከቅዝቃዜው የተነሳ ጮህኩ።

"ይቅርታ" አለች።

"ዝም ብለሽ ተኚ!"

ተቆጣኋት። ከመጣች ጀምሮ የመጀመሪያዬ ነው። ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳት።

መስከረም 21

ስለቴን አደረስኩ። ተመስገን።

የኑሀሚን አያት እማማ አስረሳች ትናንት አመሻሽ ላይ አገኙን፤ አጠገባችን ጋቢያቸውን ተከናንበው አደሩ። ጠዋት ወደ ጎን ወሰዱኝ።

"ልወስዳት ነበር የመጣሁት" አሉኝ። "ሌሊት ሳይሽ አደርኩ። እየተነሳሽ ታለብሻታለሽ። እኔ ነገ እሞታለሁ፣ ልጄ። ካንቺ ጋ ትሁን።"

"እሷስ እማማ? እሷ እርስዎን ነው የምትፈልገው።"

"አውቃለሁ። እኔው እነግራታለሁ።"

ነገሯት። ኑሀሚን አንገታቸው ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። እኔን አላየችኝም። እኔም አለቀስኩ። ደስ ብሎኝ ነው? ይሁን... ግን ልጅን ከሚወዳት ሰው እቅፍ ወስዶ መሄድ ደስታው ሙሉ አይሆንም። ለገና ይዣት እንደምመጣ ማርያምን ብዬ ቃል ገባሁላቸው።

የብቻዋን መኝታ ፀሐይ ላይ አድርቀን ለሳቸው ተውንላቸው። "ላንቺ ጠባብ ነው፤ እኔ አርጅቼ ስለተኮማተርኩ ለኔ ልክ ነው" አሏት። በእንባዋ መሀል ፈገግ አለች።

መስከረም 30

ነገ ኑሀሚን ትምህርት ትጀምራለች። ጸጉሯን ስሠራት ብድግ አለች።

"አያምርም! አጥብቀሽ ነው የሠራሽው፤ አመመኝ! እንዲህ ሆኜ አልሄድም!"

በሩን በኃይል ዘግታው ወጣች።

"ምን ሆናችሁ?" አለ ይገዙ ከውጭ።

"ተጣላን" አልኩት፣ ሳቄን አፍኜ።

ትንሽ ቆይታ ተመለሰች። እንዳኮረፈች መጥታ እግሬ መሀል ቁጭ አለች።

"አላልተሽ ሥሪው።"

ፈትቼ እንደገና ጀመርኩ።