ለሸሕዲ ቆላ የተነደፈ የደጋ ስታዲየም

ሸሕዲ፣ መጋቢት 14 ቀን 2003 ዓ.ም.

ለተከበሩ አርክቴክት አንዱአምላክ፣
ባሉበት

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ከነቤተሰብዎ በመልካም እንዲቆዩልን ምኞቴ ነው። እኔ፣ ዛሬ በጥላ ሥር አርባ ሁለት ዲግሪ ከመሆኑ በቀር፣ ደኅና ነኝ።

በስታዲየሙ በር ላይ የተለጠፈውን የሥራ ታሪክዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በሃያ ዓመት የሙያ ዘመንዎ ዘጠኝ ስታዲየሞችን፣ ነፋሱንና ፀሐዩን ለኮምፒውተር ነግረው ቅርጹን ራሱ እንዲያወጣው በማድረግ፣ እርሳስ ሳይነኩ መንደፍዎን ተረዳሁ። አሥረኛው ለእኛ ስለደረሰን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ሆኖም ሠላሳ አራት ዓመት ጂኦግራፊ ሳስተምር ወረቀት ሳላርም መልሼ አላውቅምና፣ ጥቂት እርማት ይፈቀድልኝ።

፩. የከተማችን ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ አቶ ዘመነ ፕላኑን በትሕትና አሳዩኝ። የአየር ጠባይ መረጃ በሚለው ገጽ ላይ ጎንደር ተብሎ ተሞልቷል። ወደ በላይ አካል በሚላክ ቅጽ ሁሉ፣ ከተማ በሚለው ቦታ የዞኑን ዋና ከተማ መጻፍ የቆየ ልማዳቸው መሆኑን አስረድተውኛል። ኮምፒውተርዎም ቃላቸውን አምኖ፣ ከእኛ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ለሚኖር ሕዝብ አሰበ። እንዲህ ያለ ታዛዥ ተማሪ ገጥሞኝ አያውቅም። ደጋና ቆላን የሚለዩ የአራተኛ ክፍል ልጆች ግን ገጥመውኛል።

፪. ተመልካች እንዳይበርደው መቀመጫው በሙሉ ወደ ምዕራብ ዞሯል፤ ጣሪያውም ፀሐይ እንዲያስገባ በሰባት ቦታ ተከፍቷል። ባለፈው እሑድ በሙከራው ጨዋታ፣ አየሁሽ የምትባል የስድስተኛ ክፍል ተማሪ የብረቱ መቀመጫ ላይ በተቀመጠች በሩብ ሰዓት ራሷን ስታ ወደቀች። አራት ሰዎች ተሸክመው የወሰዷት በመቀመጫው ጥግ ወዳሉት አራት የኩመር ዛፎች ጥላ ነው። ስትነቃ ማን እንዳሸነፈ ጠየቀች፤ ስለ እርስዎ አሳቢነት ግን ምንም አላለችም።

፫. እነዚያ ዛፎች አሁን ቀይ ቀለም ተቀብተዋል። በፕላኑ ላይ «የተመልካችን ምቾት የሚቀንስ ጥላ» ስለተባሉ የፊታችን ዓርብ ይቆረጣሉ። ፎርማኑን አቶ ማተቤን ምክንያቱን ብጠይቃቸው፣ «እማማ፣ ኮምፒውተሩ እኮ አይቷቸዋል» አሉኝ። በክረምት ለአረም ከጎጃምና ከወሎ መጥተው ከዛፎቹ ሥር የሚያርፉትን ሠራተኞችና በሚያዝያው የትምህርት ቤቶች ውድድር ተራቸውን እዚያ የሚጠብቁትን ልጆች ግን አላያቸውም። ሜዳው ዙሪያ ሌላ ጥላ የለም።

ስታዲየሙን ያፍርሱ አላልኩም። ከዓርብ በፊት ሸሕዲ የሚለውን ቃል ለኮምፒውተሩ ይንገሩልኝ፤ ዛፎቹንም ይተዉልን።

ስምዎ እንዲሰፋ፣ ዕድሜዎ እንዲረዝም፣ መንገድዎም አንድ ቀን ከቀትር በኋላ በእኛ በኩል እንዲያልፍ እየተመኘሁ፣ የሥራዎን ፍሬ ከእርስዎ ይልቅ በቅርብ የማየት ዕድል የገጠመኝ አክባሪዎ፣

ካሰች ማሩ
ጡረተኛ መምህርት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ለምረቃው በክብር እንግድነት ስለተጠራሁ አመሰግናለሁ። ከጎኔ ያለው መቀመጫ የእርስዎ መሆኑን አረጋግጫለሁ። ዛፎቹ ከተቆረጡ፣ ከዘጠኝ ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ጎን ለጎን እንቀመጣለን። እኔ ጃንጥላዬን ይዤ እመጣለሁ፤ የሚበቃው ለአንድ ሰው ነው።